ሳያልቅ የተቆረጠው ጋቢ

ባሌ አጥናፉ ማረፉን መጥተው ባረዱኝ ቀን፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ «በእግሩ እየሄደ ነበር?» ብዬ ነው።

«አዎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ እየተራመደ ሳለ ልቡ ቀጥ አለች» አሉኝ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩም ያ የጋቢው ነገር ትዝ አለኝ።

አጥናፉ በደብረ ብርሃን ሸማኔ ነበር። የሠራው ሁሉ ገበያ ስለሚወጣ ቤታችን ጋቢ አያድርም። አንድ ዓመት ግን፣ «ይሄ የአንቺ ነው» ብሎ ጀመረልኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ከእግሩ አውራ ጣት ሥር ቁስል አየሁ። የቆየበት የስኳር በሽታ እግሩን አደንዝዞት ኖሮ እሱ አልተሰማውም።

ጋቢው አላልቅም አለ፣ እግር የሽመናውን መርገጫ ካልረገጠ። እግር አልረግጥም አለ፣ ቁስሉ ካልዳነ።

ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር ሰናይት የእግሩን ጀርባ በጣቷ ዳበሰች፤ ትርታ ፈልጋ አጣች።

«እግሬ ይቆረጣል?» አላት።

«ደም እስከ ጣትዎ ከወረደ ቁስሉ ይድናል። ካልወረደ እንቆርጣለን። የደሙን ፍሰት በሚያሰማው መሣሪያ ሳልለካ አልፈርድም።»

ጋቢው አላልቅም አለ፣ እግር ካልረገጠ። እግር አልረግጥም አለ፣ ቁስል ካልዳነ። ቁስል አልድንም አለ፣ ደም ካልወረደ። ሐኪሟ አልፈርድም አለች፣ መሣሪያው ካልተናገረ።

መሣሪያውን አውራ ጣቱ ላይ አሰረችው። ዝም።

«እግሩ በረዶ ሆኗል፤ ብርድ የደም ሥርን ያጠባል» አለች። «ነገ አሙቀው ያምጧቸው። ሙቅ ውኃ እንዳይነካው! ስለማይሰማቸው ይላጣል።»

ጋቢው አላልቅም አለ፣ እግር ካልረገጠ። እግር አልረግጥም አለ፣ ቁስል ካልዳነ። ቁስል አልድንም አለ፣ ደም ካልወረደ። ሐኪሟ አልፈርድም አለች፣ መሣሪያው ካልተናገረ። መሣሪያው አልናገርም አለ፣ እግር ካልሞቀ። እግር አልሞቅም አለ፣ ጋቢ ካልለበሰ። ጋቢውስ? አላልቅም አለ፣ እግር ካልረገጠ!

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን መቀስ አነሳሁ።

«የሺመቤት! ምን ልትሠሪ ነው? ሸማ ሳይደርስ ይቆረጣል እንዴ?»

«የተቆረጠ ሸማ ይሰፋል። የተቆረጠ እግር ማን ይሰፋልሃል?»

«አንቺ ሴት፣ እጄን እኮ ነው የምትቆርጪው!»

«እጅህ ይቆየን። እግርህን አምጣ።»

የተሠራውን ግማሽ ቆረጥኩት። እግሩን በእሱ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በጋሪ ወሰድኩት። መሣሪያው መጀመሪያ ዝም አለ። አጥናፉ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሹ... ሹ... ሹ... አለ።

ዶክተሯ ቁጥሩን ደጋግማ አየች። «ደሙ ይወርዳል፤ ከታከመ እግሩ ይተርፋል» አለች። የተቆረጠውን ጋቢ አየችና ሳቀች። «ወይዘሮ የሺመቤት፣ የእኔን መጋዝ በመቀስ አስቀሩት!»

መቀስ ጋቢውን ቆረጠ፤ ጋቢ እግሩን አሞቀ፤ እግር መሣሪያውን አናገረ፤ መሣሪያው ለሐኪሟ ነገረ፤ ሐኪሟ ቁስሉን አከመች፤ ቁስሉ ቀስ እያለ ዳነ፤ እግር መርገጫውን ረገጠ፤ ጋቢውም አለቀ።

ሁለቱን ቁራጭ ራሱ እያጉረመረመ ሰፋቸው። ስፌቱ ጠማማ ነው። ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ፤ በጣቴ እዳብሰዋለሁ።

እናንተም ብርድ ሲመጣ ጋቢያችሁን እግራችሁ ላይ ስትጥሉ፣ በሁለት እግሩ የሄደውን ሸማኔ አስቡልኝ። ስመ ክርስትናው ኃይለ ገብርኤል ነው፤ በጸሎታችሁ ጥሩልኝ።