የሐጂ ዙበይር አውራ ጣት

የተሰወረውን ሁሉ ለሚያይ ጌታ ምስጋና ይግባውና፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ዙበይር የሚባሉ የብስክሌት ጎማ ነጋዴ ነበሩ። በዚያች ከተማ ቃዲውም፣ ዳቦ ሻጩም፣ አዋላጇም ብስክሌት ላይ ናቸው። ሐጂ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ጎማ ከመሸጣቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ይጫኑና ዕድሜውን ይናገራሉ። «ይሄ ሁለት ረመዷን ይሄድልዎታል፣ ኢንሻአላህ።» ካልጣማቸውም «ይሄ ዐረፋን አይሻገርም፣ ይተዉት» ብለው የገዛ ዕቃቸውን ያጣጥላሉ። እንዳሉትም ይሆናል።

ልጃቸው ሩቂያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁ ውስጥ አብራቸው ትሠራ ነበር። «የሐጂ ልጅ» ሲሏት አንገቷ ቀና ይላል። ኩራት አይወደድም የምትሉኝ ታገሱኝ፤ በሐቀኛ አባት መኩራትን እኔ አላህን ከማመስገን ነው የምቆጥረው።

አንድ ዓመት ከሩቅ አገር የሚያብረቀርቅ ጎማ መጣ። ሐጂ እየተጫኑ ለአሥራ ሁለት ሰው «ሁለት ረመዷን» ብለው ሸጡ። ሩቂያ አሥራ ሦስተኛውን ልትሰቅል ስታጥፈው ግን ጎማው እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጠቀባት። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ይሄኛው መጋዘን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ኖሮ ላዩን ቀለም ቀብተውታል።

የአባቷ ጣት እንዴት ሳተው? ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ወር እሾህ አውራ ጣታቸው ላይ ተሰክቶ ሲውል አልተሰማቸውም፤ ነቅላ ያወጣችው እሷ ነበረች። ሩቂያ ደነገጠች። ጎማውን ከመደርደሪያው ጀርባ ሸሸገችውና ሁለት ቀን ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ከአሥራ ሁለቱ ገዢዎች አንዷ፣ አዋላጇ ነጃት፣ በሱቁ ደጃፍ አለፈች። «ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ!» አለች ብስክሌቷን ሳታቆም። «እርስዎ ካሉ ብዬ የወንዙን ቁልቁለት ፍሬን ሳልይዝ ነው የምወርደው!»

የሩቂያ ልብ ተሰነጠቀ። የደበቀችውን አመጣች።

«አባዬ፣ ይሄን እስቲ ይጫኑት።»

ተጫኑት። «ሁለት ረመዷን» አሉ።

አጠፈችው። ሐጂ መጀመሪያ ስንጥቁን፣ ቀጥለው ጣታቸውን አዩ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከትናንት ወዲያ። ስምዎ እንዳይጎድፍ ፈርቼ ነው።»

«ነጃት ስትወድቅ ስሜ ይደግፋታል?»

ይህን ብለው በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ወጡ። ነጃትን ከመታጠፊያው ላይ ደረሱባት። ወደ ሱቁ መልሰዋት ጎማዋን ፈቱና ከገዛ ብስክሌታቸው አውልቀው ገጠሙላት። «ይሄን ስመርጠው ጣቴ ገና ደህና ነበር» አሏት።

«ሌሎቹንስ ቀስ ብለን አንድ በአንድ ብንቀይርላቸው?» አለች ሩቂያ። «ሰው ሳይሰማ።»

«ጎማዎቹን ሳወድስ ሰው ሰምቷል» አሉ ሐጂ።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ሐጂ በእግራቸው ሲመጡ ያየ ሁሉ ገረመው። የንግድ ነገር መስጊድ ውስጥ አይነሳምና ሶላቱ እስኪያበቃ ጠብቀው ከበሩ ውጭ ቆሙ። ሩቂያ በሴቶቹ በር ወጥታ ከግንቡ ሥር ቆማ ነበር።

«ጀመዓ ሆይ! የሚያብረቀርቀውን ጎማ ከእኔ የገዛችሁ ብስክሌታችሁ ላይ አትውጡ፤ እየገፋችሁ አምጡልኝ፣ ደህናውን እተካለሁ። ጣቴ ደንዝዟል። እኔ አላወቅሁም፤ ያወቀችው ልጄ ሩቂያ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የጎማ ዕድሜ የምትናገረው እሷ ናት።»

ዳቦ ሻጩ ጠጋ አሉ። «ሐጂ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? ጎማ እንደሆነ ያልቃል።»

«ጎማማ ያልቃል» አሉ ሐጂ። «ቃሌ ግን ቂያማ ድረስ ይጠብቀኛል።»

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ሐጂ አሮጌዎቹን ጎማዎች ሌላ ሰው እንዳይነዳባቸው በቢላ ቀደዷቸው። በማግስቱ ቃዲው ራሳቸው ጎማ ሊገዙ መጡና ሐጂን አልፈው አንዱን ጎማ ወደ ሩቂያ ዘረጉ። «ስንት ረመዷን?» አሏት። ተጫነችው፣ አጠፈችውም። «አንድ። ከዚያ በላይ አልልም።» ቃዲው ሳይከራከሩ ወሰዱት። ሐጂ ከቆሙበት ሰምተው «ማሻአላህ» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ እንባ ነበረበት።

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ሲገፋ ጣት ይደነዝዛል፤ ልብም አንዳንዴ እንዲሁ ነው። ሐጂ ዙበይር ስልሳ ዓመት የተመሰገኑበትን ጣት በሕዝብ ፊት ለመክሰስ አንድ ቀን አላደሩም። ቃላቸው ከሱቁ ከወጣ በኋላም የሚጠየቁበት እሳቸው እንደሆኑ ያውቁ ነበርና።

ሩቂያም እስክታረጅ «የሐጂ ልጅ» በተባለች ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር። ድሮ የምትኮራው አባቷ ስለማይሳሳቱ ይመስላት ነበር። ከዚያች ጁምዓ በኋላ ግን የምትኮራው መሳሳታቸውን ራሳቸው በሰው ፊት በተናገሩበት በዚያ ቀን ነበር።