ኮት የተጻፈበት ሣጥን

ተላላኪው ከሥራ ሊባረር ነበር። የመሥሪያ ቤቱን አሠራር እንዲያጠኑ የተቀጠሩት አማካሪ ወይዘሮ ምንትዋብ አንድ ማመልከቻ ከክፍል ክፍል የሚዞርበትን መንገድ በሣጥንና በቀስት ሥለው በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉት፣ የሦስት ቀን ጉዳይ አርባ ቀን እንደሚፈጅ ታየ። ኃላፊው አቶ ደምመላሽ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ጣታቸውን ወደ ተላላኪው ቀሰሩ።

«ፋይል የሚያመላልሰው እሱ ነው። በል፣ የት እንደምታስተኛው ሥዕሉ ላይ አሳየን። ካላሳየህ የስንብት ደብዳቤህን አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ተላላኪው በልጅነቱ በረንዳ አዳሪ የነበረ ሰው ነው፤ ቁጣ አያስደነግጠውም። የኃላፊው ስም ያለበትን ሣጥን በጣቱ ነካ።

«የሚተኛው እዚህ ነው። ግን ስሙ ተሳስቷል፣ ወይዘሮ ምንትዋብ። እሱን ይሰርዙና ‹ኮት› ይበሉት።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ ፋይል ይዤ ስመጣ ‹ኮታቸው ወንበሩ ላይ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አሉ› እባላለሁ። ስገባ የማገኘው ኮትዎን ነው፤ ለእሱ አስረክቤ እወጣለሁ። ጥሩ ኮት ነው፤ አይቆጣም፣ አይሳደብም። ፊርማ ላይ ብቻ ትንሽ ይዘገያል።»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ ምንትዋብ እስክሪብቷቸውን አንስተው እንደተባሉት ጻፉ። አቶ ደምመላሽ ደብዳቤውን ሳይፈርሙ በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ።

ተላላኪው ሥራው ላይ ቀረ፤ ኮቱም ወንበሩ ላይ።