በፌስታል የተጠቀለለው እጅ

አንድ ነጋዴ ነበር። በቅሎ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ደህና ሰው። በነሐሴ ከታናሽ ወንድሙ ከልየው ጋር ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውኃ መጣባቸው። ነጋዴው ቀድሞ ዳር ደርሷል፤ ልየው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ገና መሀል ላይ ነው። የገመዱ ጫፍ ያለው በነጋዴው እጅ ነው። ውኃው ጎተተ፣ እሱም ጎተተ፣ በመጨረሻ ገመዱ ከእጁ ወጣ። ልየው ሄደ። በቃ፣ ሄደ።

ሰው ደርሶ ደም የሚንጠባጠበውን ቀኝ እጁን በነጠላ ቅዳጅ አሰረለት። እሱ ፊቱን አዙሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን እጅ አይቶት አያውቅም። ለምን በሉኝ። ፈራዋ! "ከፈታሁት ወንድሜን የለቀቀውን እጅ አየዋለሁ" ብሎ ፈራ። ጨርቁ ሲቆሽሽ በላዩ ላይ ሌላ ጨርቅ ይጨምርበታል። ሲሸት ደግሞ ሌላ። ጎረቤት የእጣቢ ውኃ ሲደፋ እንኳ ድምፁን ሰምቶ ይርበደበዳል። "እስቲ እጅህን እንይልህ" ያለው ሰው ሁሉ ጠላቱ ሆነ። ክንዱ እስከ ክርኑ አበጠ። እጁን ሊያጣው ነው፣ ያውቃልም፤ ግን ከማየቱ ማጣቱ ቀለለው።

ትኩሳቱ ሲበረታበት ጠበል ወረደ። ጠበሉ ከገደል የሚወረወር ነው፤ ጩኸቱ ቁርጥ እንደዚያ ወንዝ። እንደዚያም ሆኖ ተራ ያዘ። ከፊቱ የቆመ ሰውዬ ዞር ብሎ አየውና፣ "ወንድም፣ ሽንኩርት ገዝተህ ነው እንዴ የመጣኸው?" አለው። ለካ ነጋዴው ውኃ እንዳይነካው ብሎ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል!

ሰባት ቀን እንዲሁ ተጠመቀ። ራሱ ረጠበ፣ ደረቱ ረጠበ፣ እጁ ደረቅ። በሰባተኛው ቀን አጥማቂውን መነኩሴ አባ ጽጌን፣ "አባቴ፣ ምነው አልሻለኝ አለ? እግዚአብሔር ጠላኝ መሰለኝ" አላቸው።

አባ ፌስታሉን አዩት። "ይኼ ሁሉ ጠበል የወረደው ላስቲክ ሊያጥብ ነው?"

"እሱን ይተዉት አባቴ። ሌላውን ያጥምቁልኝ።"

"ሌላው ምን ሆነና? ፍታው እንጂ!"

"እፈራለሁ። ወንድሜን ለውኃ የለቀቀ እጅ ነው።"

አባ ጠጋ አሉት። ከዚያ፣ "እኔም ሳየው እፈራ ይሆናል። ና ልጄ፣ አብረን እንፍራ" አሉት።

ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሰጣቸው። ሲባጎውን ቆረጡት። ጨርቁን አንድ በአንድ ፈቱት። የመጨረሻው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበርና ሲላቀቅ የነጋዴው ጩኸት ገደሉን ሞላው። ያ ሽንኩርት ብሎ የቀለደበት ሰውዬ እንኳ አፉን በእጁ ያዘ።

"ዓይንህን ግለጥ" አሉት አባ።

"አልችልም።"

"ግለጥ! ገመዱ መዳፍህን እስከ አጥንትህ በልቶታል። የለቀቀ ሰው እጅ እንዲህ ይቆረጣል? የለቀቀ ሰው ጭረት እንኳ አያገኘው። አንተ ይዘኸው ነበር፣ ልጄ። አጥብቀህ ይዘኸው ነበር።"

ነጋዴው አየ። የተበላውን መዳፉን አየ። ከዚያ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን አለቀሰ። ጠበሉ ሲወርድበት እንደ እሳት አቃጠለው፤ እጁን ግን አልሰበሰበም።

አባም፣ "በል አሁን ሐኪም ቤት ሂድ። ለእኔ እንዳደረግኸው ለሐኪሙም ፌስታል እንዳታሳየው" ብለው ሰደዱት። እጁ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ፤ ልየውም አልተመለሰም።

እናላችሁ ወገኖቼ፣ እኛስ ከዚህ ሰው በምን እንሻላለን? እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ደህና ደህናውን አውጥተን የሚያመንን እንጠቀልላለን። ያ ያመመን ነገር የሚከሰን ይመስለናል። ጌታ ግን ከሞት ሲነሣ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋውም። እሱ በቁስሉ ካላፈረ፣ የእኛን ሊጸየፍ ነው? ሕመማችሁን ከነፍርሃታችሁ ይዛችሁ ቅረቡ። የወደዳችሁበት፣ የታገላችሁበት ቦታ ያ የሚያማችሁ ሊሆን ይችላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሕይወታችሁ ፈርታችሁ እስከ ዛሬ ያላያችሁት የቱን ነው?