የሦስተኛው ቀን ሃያ ስድስት ምስክሮች

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ የጤፍ ክምሩ በኅዳር ወር ተቃጠለ።

ክምሩ የአንድ ዓመት ልፋት ነበር። እሳቱን ያስነሣው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ ሰው ይሁን ሌላ ነገርም አልታወቀም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ አገሬው አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር። የአጥቢያው አባወራ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣም ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ጥፋተኛው ካልወጣ ካሳውን ሁሉም በጋራ ይከፍላል። ስሙ እንዳይታወቅ የሚፈራ ሰው ለጠያቂው ሽማግሌ በጆሮው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይናገራል፤ ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም።

ዙፋን፣ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ሃያ ሦስት እናቶችን በጤና ጣቢያ ለምን እንደማይወልዱ ጠየቅሽ፤ ከስድስት በቀር ሁሉም አንድ ቃል መለሱልሽ፤ «ይህ ካልበቃ ምን ይበቃል፣ መምህር?» አልሽኝ። እስክጨርስ ታገሺኝ።

በሜዳው አርባ አንድ አባወራ ተቀመጠ። ጠያቂ እንዲሆኑ የተመረጡት ሽማግሌ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ጠርጣራ ነበሩ። የሚጠረጥሩትም ተናጋሪውን ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ የተነገረበትን ሰዓት ጭምር ይጠረጥሩ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ሁሉንም እየጠየቁ ለእያንዳንዱ ምላሽ አንድ ጠጠር ያስቀምጣሉ፤ የሰው ስም ለጠራ ጥቁር፣ ላልጠራ ነጭ። የየቀኑንም ጠጠር ለየብቻው ይከምሩታል።

በመጀመሪያው ቀን አርባ አንዱም ጠጠር ነጭ ሆነ። አንዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭስ ሸተተኝ አለ፤ ሁለቱ ውሻ ሲጮህ ሰማን አሉ፤ አንዱ እሳቱን ሳየው የክምሩ ጫፍ ላይ ነበር አለ፤ የቀሩት ገና ከማሳ አልተመለስንም ነበር አሉ።

በሁለተኛው ቀን ባለጸጋው በትልቅ አገልግል ዳቦ አስይዞ ወደ ሜዳው መጣ። ከየሰዉ አጠገብ እየተቀመጠ ዳቦ ይቆርሳል። «እኔ ማንንም አልወቅስም፤ የሰው ነፍስ እፈራለሁ» ይላል። «ብቻ ያ መጤ በድርሻችን ከተጣላን ወዲህ ዓይኑ አላማረኝም።» መጤው የባለጸጋውን መሬት በእኩል ሊያርስ ሚስቱንና ሁለት በሬዎቹን ይዞ ከሌላ አገር የመጣ ገበሬ ነበር። ከወንዙ ወዲህ አንድም ዘመድ የለውም። ጥፋቱ በእሱ ላይ ከወጣ በሬዎቹ ለካሳ ይነዳሉ፤ በሬ ለሌለው መጤ ደግሞ መሬት የሚሰጥ የለም። በዚያ ቀን ሦስት ጥቁር ጠጠር ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የሰዉ ስንቅ አለቀ። ከሜዳው በታች ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ቆሟል፤ ዝንጀሮውም ጠባቂ እንደሌለ ዐውቋል። መንጋው እርስ በርሱ እየተጯጯኸ ሲበላ ባለማሳዎቹ ተቀምጠው ይሰማሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሃያ ስድስት ጥቁር ጠጠር ተከመረ። ሁሉም የጠራው አንድ ስም ነው፤ የብዙዎቹም ቃል አንድ ነው፤ «ወፍ ነገረችኝ፤ መጤው ችቦ ይዞ ሲሄድ ታይቷል።»

የአገሩ ሹም፣ ጭቃ ሹሙ፣ ብድግ ብሎ «ወጣ!» አለ። «ሃያ ስድስት ሰው! በሉ በሬዎቹ ይነዱ።»

ሕዝቡ ነጠላውን እያራገፈ መነሣት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ከጠጠሩ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም።

«እስቲ መጀመሪያ ይህን አስረዱኝ» አሉ። «ከትናንት በስቲያ ጠዋት ጀምሮ ከዚህ ሜዳ የወጣ ሰው አለ?»

«ማን አስወጥቶን!» አለ አንድ ገበሬ። «ወጥተን ቢሆን ኖሮ ማሽላችን ለዝንጀሮ ድግስ ይሆን ነበር?»

«የገባስ አለ?»

ጥቂቶቹ ባለጸጋውን በጎን አዩት።

«በመጀመሪያው ቀን አርባ አንዳችሁም ምላችሁ ችቦ የያዘ ሰው አልጠራችሁም ነበር። እሳቱ ደግሞ የጠፋው እናንተ ወደዚህ ከመምጣታችሁ አስቀድሞ ነው። ከዚያ ወዲህ ያያችሁት እኔንና የባለጸጋውን ዳቦ ነው። ታዲያ ይህች ወፍ የመጀመሪያው ዕለት የት ውላ ነው?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን ተቆጣ። «አባቴ፣ እርስዎ የሚበላብዎ ማሽላ ስለሌለ ነው እንዲህ የተደላደሉት!»

«አለኝ እንጂ። የኔ ማሳ ከዳር ነው፤ ቀድሞ የተበላውም የኔው ነው።»

ጭቃ ሹሙ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «አባቴ፣ ጠጠሩን ይደባልቁትና እንገላገል። ከተደባለቀ በኋላ የትኛው የየትኛው ቀን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?»

«የማልደባልቀውም ለዚህ ነው።»

«ሃያ ስድስት ሰው በመሐላ ዋሸ ነው የሚሉኝ?»

«ዋሸ አላልኩህም፤ ተራበ ነው የምልህ። የራበው ሰው ሲናገር ቃሉ ለረኃቡ ምስክር ነው፤ ለእሳቱ ግን አይሆንም።»

ከዚያም በዚያ አገር ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረጉ። የራሳቸውን ጥማድ በሬ በዋስትና አስይዘው ሕዝቡን አሰናበቱ። «ሂዱ። ብሉ። ማሽላችሁን እጨዱ። እኔ በየደጃችሁ እመጣለሁ። ስመጣም ‹ማን ነው?› ብዬ አልጠይቃችሁም፤ ‹አንተ በዓይንህ ምን አየህ? የትስ ቆመህ ነበር?› ነው የምላችሁ።»

ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዞሩ። ከሃያ ስድስቱ ውስጥ ያን ስም መልሰው የጠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ከሁለተኛው ሰማሁ አለ። ሁለተኛው፣ ማሳው ከመጤው ማሳ የሚዋሰን ገበሬ፣ «በዓይኔ አይቻለሁ» አለ፤ የቆመበትንም ድንጋይ አሳያቸው። ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ከድንጋዩ ላይ ወጡ፤ ቆመውም ተመለከቱ። ክምሩ የነበረበት ቦታ ከዚያ አይታይም፤ ጉብታ ይጋርደዋል።

ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደው «ማን እንዳቃጠለው አላወቅንም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ካሳው በጋራ ተከፈለ፤ መጤውም እንደማንኛውም ሰው ድርሻውን ከፈለ። ከዚያ በኋላ በገበያ መንገድ ብዙ ሰው ለሽማግሌው ሰላምታ ነሣቸው።

መጤው ግን ከደጃቸው መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ። በትከሻው ያዙት።

«አመኑኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«አላመንኩህም» አሉት። «ልታቃጥለው ትችል ነበር፤ ምክንያትም ነበረህ። እኔ ያልኩት ሜዳው አያውቅም ነው፤ አንተ ንጹሕ ነህ አላልኩም። ሂድ፤ በሬዎችህን ጥመድ። ዓይኔን ግን ካንተ ላይ አላነሣም። ከባለጸጋውም ላይ አላነሣም።»

መጤው «ከሌላው ሰው እኩል ከጠረጠሩኝ ይበቃኛል» ብሎ ሄደ።

ዙፋን፣ ሜዳው ያንቺ አዳራሽ ነው። ማስታወሻሽን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። እናቶቹን ከጠዋት ጀምሮ በአንድ አዳራሽ አስቀመጥሻቸው፤ ቅጹ ሞልቶ ሲያልቅ ሳሙና እንደሚታደልም ተነገራቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት የተለያየ ነገር ነገሩሽ፤ አንዷ የወንዙን ሙላት፣ አንዷ አማቷን፣ አንዷ ቤት የሚጠብቅላት ማጣቷን፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን። አንቺ በኅዳጉ ላይ «ጥያቄው አልገባቸውም» ብለሽ ጻፍሽ። ከዚያ ተነሥተሽ ጥያቄውን አብራራሽ፤ «ለምሳሌ የአዋላጇ ጠባይ…» አልሽ። ከዚያች ቃል በኋላ የተጠየቁት ዐሥራ ሰባቱም የአዋላጇን ጠባይ መለሱልሽ። ያ «ለምሳሌ» የባለጸጋው ዳቦ ነው። በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ የሚያለቅሱት ሕፃናት ደግሞ ከማሽላው ውስጥ የሚጮኸው መንጋ ናቸው። አንቺ ዐሥራ ሰባት ምስክር ቆጠርሽ፤ እኔ የማየው የራስሽን ቃል ዐሥራ ሰባት ጊዜ ተገልብጦ ነው።

የአዋላጇን ስም አልጻፍሽም፤ ይህን እንደ ጥንቃቄ ቆጥረሽዋል። በዚያ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ግን አንዲት ብቻ ናት። ጽሑፍሽ ወረዳው ዘንድ ሲደርስ ከእንጀራዋ የምትነሣው እርሷ ናት። ደግ ሴት ናት አላልኩሽም፤ አላውቃትም፤ ምናልባትም ተሳዳቢ ናት። አዳራሹ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ተመለሺ። በየቅጹ ራስጌ ላይ የተሞላበትን ሰዓትና አጠገብ የነበረውን ሰው ጻፊ፤ የጧቱን ከከሰዓቱ አትደባልቂ። ስድስቱን ከጣልሽበት አንሺ፤ የተለያየ የመለሱት ምናልባት የገባቸው እነርሱ ብቻ ስለ ሆኑ ነው። ከዚያ ሳሙና ሳትይዢ በየደጁ ሂጂ። እያንዳንዷ ምጥ ከጀመራት ሰዓት አንሥታ ያንን ቀን ትተርክልሽ፤ አንቺ አዋላጅ የሚባል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። እርሷ ራሷ ካነሣችው ያን ጊዜ ጻፊው።

«ለማስረከቢያው ዐሥር ቀን ብቻ ነው የቀረው» ልትዪ ነው፤ ከፊትሽ አነበብኩት። አንቺም ከሜዳው መውጣት ትፈልጊያለሽ። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ራሴን ደብቄ ነው፤ እኔም መውጣት እፈልጋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያንቺን የሚመስሉ ዐሥራ ሁለት ጽሑፎች ተከምረዋል፤ አሁን ብፈርምልሽ ሁለታችንም በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን። ለዚህ ነው ዛሬ ብፈርም ፊርማዬን እኔ ራሴ የማላምነው፤ አንቺም እንዳታምኚው።