ባዶ የቀረው መስመር

አንዲት እናት ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው። አምስት ወልዳለች፤ ስድስተኛውን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አምስተኛውን ቤቷ ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስለዚህ ዘንድሮ የሚታያት ክፉው ብቻ ነበር። የትንንሾቹ ልጆቿ የክትባት ካርድ የት እንደተቀመጠ ለትልቋ ልጇ ሳይቀር ነግራታለች። እንዲህ ያደረገች እናት በመካከላችሁ የለችም?

አንድ ቀን የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የምታጠና ልጅ ቅጽ ይዛ መጣች። ዕድሜዋን ጠየቀቻት። ስንት እንደወለደች ጠየቀቻት። እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረች፣ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቀቻት።

«ይህን ሁሉ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እንመድበዋለን፣ እትዬ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑትን ለብቻ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የወለዱትን ለብቻ።»

«እኔ ያለሁበት ምድብ እንዴት ይሆናል?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «በወሊድ የሚሞቱት እዚያ ይበዛሉ።»

ደጃፉ ላይ የተቀመጡት አማቷ ሰሙ። «ይኸው፣ በወረቀትም ጻፉብሽ» አሉ።

እናቲቱ ሆዷን ይዛ ወደ ልጅቱ ዞረች። 

«ከምድቤ የሚተርፉትስ?»

«የሚተርፉት ይበልጣሉ።»

«ታዲያ ምነው ከሞቱት ጀመርሽ?»

ልጅቱ ቅጹን ዘረጋችላት። እናቲቱ ተቀብላ አነበበችው፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለችና ንባብ አያቅታትም። ሁሉም ተሞልቷል። ከታች አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነው።

«ይህስ?»

«የሚወልዱበት ቦታ ነው። ከወለዱ በኋላ መጥቼ እሞላዋለሁ።»

«ዕድሜዬን አልቀንሰው። የወለድኳቸውን ወደ ሆዴ አልመልሳቸው። ይቺን ግን የማስሞላሽ እኔ ነኝ።»

ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ ጨርቋን ቋጥራ ተነሣች። ጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ምጧን እዚያ ልትጠብቅ ነው።

«እኔ ሰባቱንም የወለድኩት እዚሁ ቤት ነው። ቤቱን ለማን ጥለሽ?» አሉ አማቷ።

«ለእርስዎ ነዋ። ሰባት ያሳደጉ አምስት አያቅትዎትም።»

እንዳትሳሳቱ፣ የፈራችው አልቀረላትም። ደሙ እንደገና ፈሰሰ። የፈሰሰው ግን አዋላጇ ፊት ነው፣ ደም የሚያቆመው መርፌ በተዘጋጀበት።

ልጅቱ ቅጿን ይዛ ስትመለስ እናቲቱ ሕፃኑን እያጠባች ጠበቀቻት። «አሁን ጻፊ» አለቻት።

እናንተስ? ምድባችሁን ነግረዋችኋል። የተፈታች፣ ፈተና የወደቀ፣ በሽታው የጠናበት ብለዋችኋል። ውሸት ነው አልላችሁም። የተጻፈው ብዙው እውነት ነው። ግን እግዚአብሔር ያቺን አንዲት መስመር ባዶ የተዋት ረስቷት ይመስላችኋል?

እናንተ መዝጋቢዎችም፣ ሰውን መድባችሁ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። የሚተርፍበትን መንገድ ሳታሳዩት አትነሡ።

ፍርሃታችሁን አልነቅፍም። እሷም ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ከጨርቋ ጋር ቋጥራ ይዛው ሄደች። እናንተም ፈርታችሁ ሂዱ። ግን ሂዱ።