አልገባ ያለችው ክርና የዳቦ ቤቱ ሙቀት

«ልጄ፣ ከመቆጣትህ በፊት ወርደህ ጠይቅ!» ይሏቸው ነበር ጋሽ ጥሩነህን አባታቸው። ቤታቸው ኮረብታ አናት ላይ ስለነበር፣ ከታች ጫጫታ በተሰማ ቁጥር ይህንኑ ይደጋግሙታል።

ጋሽ ጥሩነህ ዛሬ ኮረብታ የላቸውም። ደብረ ብርሃን ከተማ፣ በእትዬ የሺመቤት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የልብስ ስፌት ክፍል ተከራይተዋል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። የክርስትና ልጃቸው ሚኪያስ በጥር ሊያገባ ነው። ክርስትና ያነሱት ቀን «የሠርጉን ካባ በእጄ ነው የምጠልፍለት» ብለው ቃል ገብተዋል። ትናንት ግን እናቱ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እስከ ገና ካልደረሰ እንከራያለን፤ እንዳይቀየሙን» ብላ ሄደች። ያቺ ቃል ከብርዱ ይልቅ አንገበገበቻቸው።

ጠዋት ተነሥተው አማተቡና፣ «ጌታዬ፣ ብዙ አልጠይቅህም። ይህቺ ወርቃማ ክር በዚህች መርፌ ቀዳዳ ትግባልኝ» አሉ።

ክሯ አልገባ አለች። «ምነው?» ቢሏት፣ «ጣትዎ እየተንቀጠቀጠ በየት በኩል ልግባ?» አለች።

ጣታቸውን «ተፍታታ እንጂ!» አሉት። «ክፍሉ በረዶ ሆኖ እንዴት ብዬ?» አለ። ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያቸውን «አንተስ ምን ነክቶህ ነው? ጋል!» አሉት። «እኔማ እግል ነበር፤ ብሬከሩ ነው የሚያጠፋኝ» አለ። ማሞቂያው አልግል አለ፣ ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

ሊቆጡ አሰቡና የአባታቸው ነገር ትዝ አላቸው። ወረዱ። ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ጭነት ሲበዛበት መብራት የሚቆርጠውን ብሬከሩን አገኙት። «ምን በደልኩህ?» ቢሉት፣ «ጋሼ፣ እኔን አይቆጡኝ። ታች ያለው የዳቦ ቤቱ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ መብራቱን ብቻውን ይጠጣዋል። የሁለታችሁን አልችልም» አለና ቀጭ ብሎ ወረደ። ብሬከሩ አልሸከም አለ፣ ማሞቂያው አልግል አለ፣ ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

ምድር ቤት ደረሱ። ኤሲው እያጓራ ውኃ ያንጠባጥባል። «ወንድሜ፣ ትንሽ ዕረፍ» አሉት። «ምድጃው እንዲህ እየነደደ? ኬኩ ይቅለጥ?» አላቸው። ኤሲው አላርፍ አለ፣ ብሬከሩ አልሸከም አለ፣ ማሞቂያው አልግል አለ፣ ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

ዳቦ ጋጋሪው አስናቀ በዚያ ውርጭ በካናቴራ ቆሞ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ላቡን ይጠርጋል።

«አስናቀ፣ እባክህ ምድጃህን አጥፋልኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! ከተማው ለቁርሱ ምን ይብላ? የእርስዎን ቁልፍ? ይልቅ እትዬ የሺመቤት ለብርዱም ለሙቀቱም ደህና መሣሪያ ይምረጡልን። እርስዎ ከላይ በብርድ ይደርቃሉ፣ እኔ ታች ተቀቅያለሁ!»

አስናቀ ምድጃ አላጠፋ አለ፣ ኤሲው አላርፍ አለ፣ ብሬከሩ አልሸከም አለ፣ ማሞቂያው አልግል አለ፣ ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

እትዬ የሺመቤት ቢሯቸው ውስጥ የመሣሪያ ነጋዴዎችን የዋጋ ወረቀት ዘርግተው ራሳቸውን ይዘዋል። «አልመርጥም!» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «አንዱ ለላይኛው ፎቅ ትልልቅ ማሞቂያ ግዢ ይለኛል። ሌላው ለታችኛው ትልልቅ ማቀዝቀዣ ግዢ ይለኛል። ሁለቱንም ባስገባ ያ ብሬከር ሕንጻውን ይዞት ነው የሚወርደው!»

እትዬ የሺመቤት አልመርጥ አሉ፣ አስናቀ ምድጃ አላጠፋ አለ፣ ኤሲው አላርፍ አለ፣ ብሬከሩ አልሸከም አለ፣ ማሞቂያው አልግል አለ፣ ጣት አልፍታታ አለ፣ ክርም አልገባ አለች።

ጋሽ ጥሩነህ ደረጃውን እያማተቡ ወጡ። በራቸው ላይ አይተዋት የማያውቋት ወጣት ሴት ካፖርት ይዛ ቆማለች።

«አባባ፣ ቁልፍ ይተክሉልኛል?»

«በምን ክር ልጄ?» አሉና ሁሉንም ከክሯ እስከ እትዬ የሺመቤት ድረስ ዘረገፉላት።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ዳቦ ቤቱ መስኮቱን ለምን ከፈተው?» አለች።

«ሙቀት እንዲወጣለት።»

«የእርስዎን መስኮት ለምን በጨርቅ ወተፉት?»

«ሙቀት እንዳይ...» አሉና ወደ ታች፣ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለከቱ።

ሴትዮዋ ለካ የእነዚህ መሣሪያዎች ባለሙያ ናት። ካፖርቷን ትታ ሜትሩን ከአንገታቸው ወሰደች። ክፍል በክፍል ለካች፣ መስኮት ቆጠረች፣ ከዚያ እትዬ የሺመቤት ዘንድ ገቡ።

«ሂት ፓምፕ ይበቃዎታል» አለቻቸው። «ለላዩም ለታቹም አንድ መሣሪያ ነው። ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ይሸከማል፤ ስለዚህ ብዙ መብራት አይበላም። ከዳቦ ቤቱ አንሥቶ ለልብስ ስፌቱ ያደርሳል።»

«እሑድ ምድጃው ሲያርፍስ?» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ከውጭው አየር ይለቅማል።»

«ከደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ? ልጄ፣ ባታሾፊብኝ!»

«ውርጭም ውስጥ ሙቀት አለ፣ እትዬ። ብቻ ለብርድ አገር የተሠራውን ይምረጡ፤ የቆላውን ካመጡ ጠዋት ጠዋት ይለግምብዎታል። ደግሞ በልኩ እንጂ ትልቁን አይግዙ።»

«ይሄስ ገባኝ!» አሉ ጋሽ ጥሩነህ። «እኔም ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም።»

እትዬ የሺመቤት ወረቀቱን ሁሉ አጣጥፈው፣ «እሺ፣ እሱ ይሁን» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያው ተተከለ። እትዬ የሺመቤት መረጡ፣ አስናቀ ምድጃውን ሳያጠፋ መስኮቱን ዘጋ፣ ኤሲው ዐረፈ፣ ብሬከሩ ተሸከመ፣ ማሞቂያው ሥራ ፈትቶ ጥግ ያዘ፣ ክፍሉ ሞቀ፣ ጣት ተፍታታ፣ ክርም ሰተት ብላ ገባች።

ጋሽ ጥሩነህ «ተመስገን!» አሉ። የመጀመሪያዋን ስፌት የሰፉት ለካፖርቱ ቁልፍ ነው፣ ያውም በወርቃማው ክር። ከዚያ ወደ ካባው ዞሩ፤ ለገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው አለቀ። ሚኪያስ ለክቶት እናቱ እልል ስትል አስናቀ ከታች ሰምቶ ዳቦ ይዞ ወጣ።

ያቺ ሴት በዚያው ቀን ካፖርቷን ልትወስድ መጣች። ጋሽ ጥሩነህ ደርበውላት፣ «ይህን ሁሉ ሙቀት ከየት አመጣሽልኝ ልጄ?» አሏት።

ቁልፏን እየቆለፈች ሣቀች።

«አባባ፣ ሙቀቱማ እዚሁ ነበረ፤ ደረጃውን የሚያወጣው አጥቶ ነው እንጂ።»