ከዚህ ክፍል ሳትወጪ

በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ሴት ነበረች። ቅዳሜና እሁድ እየተማረች ፕሮግራሚንግ ቻለች፤ ድርጅቱ የፕሮግራመር ቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣም ተመዘገበችና የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆና አለፈች።

ይህ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ናሁሰናይ አልተዋጠላቸውም። እሳቸው የድርጅቱ መሥራች የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ቦታውን የያዙ ሰው ናቸው። ወለላቸውን የምትወለውል ሴት ከባለሙያዎቻቸው እኩል ስትቀመጥ ማየት ከበዳቸው። ስለዚህ የቃል ፈተናው ዕለት ራሳቸው መጥተው በሁለት ፈታኞች መካከል ተሰየሙ።

«የምጠይቅሽ መሠረታዊውን ነው» አሏት። «የሸመደድሽውን ግን አልፈልግም። ለእያንዳንዱ መልስ ከዚህ ክፍል ሳትወጪ ምሳሌ ታሳዪኛለሽ። ካቃተሽ ወደ መወልወያሽ ትመለሻለሽ። በፕሮግራሚንግ ውርስ ማለት ምንድን ነው?»

ድምፅዋን አረጋግታ መለሰች።

«አንድ ክላስ የሚባል የፕሮግራም አካል የወላጁን ክላስ ንብረት ሁሉ ራሱ ሳይደክም ሲያገኝ ነው፣ ጌታዬ። ምሳሌው እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ነው።»

አንደኛው ፈታኝ ሳቁን በሳል ሸፍኖ ሙሉ ነጥብ ጻፈላት። የአቶ ናሁሰናይ ፊት ተለዋወጠ።

«ኦቨርራይድስ?» አሉ፣ ጠረጴዛውን እየቆረቆሩ።

«ወራሹ ክላስ የወረሰውን ሥራ በራሱ መንገድ አሻሽሎ ሲሠራው ነው» አለች። ከዚያም ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ቃኝታ እሳቸው ላይ ስትደርስ አንገቷን በትሕትና ደፋ አደረገች።

«የዚህን ምሳሌ ለማምጣት ግን ከክፍሉ እንድወጣ ይፍቀዱልኝ።»